ስለ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የብየዳ ኢንስፔክተርነት፦ የሚወራውና እውነታው

ብየዳ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የተበየደውን የሚፈትሸው ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ፋብሪካው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ግምቱ ይበዛል። ሙያውን የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚሉትን እንይ።

"ብየዳው ካማረ ጠንካራ ነው"

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። ጥይት የሚመክተው ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በኃይል ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በመጠኑ እንደገና ሞቆ ነው። ብየዳ ይህንን ብረት ዳግም ያግለዋል። ከስፌቱ፣ ማለትም ከብየዳው መስመር፣ ጎን ያለው ጠባብ ቦታ አንዱ ጋ ይለሰልሳል፣ ሌላው ጋ ተሰባሪ ይሆናል። በዚህ ላይ ሃይድሮጂን አለ። ከእርጥብ ኤሌክትሮድ፣ ከዘይትና ከዝገት ተነስቶ የቀለጠው ብረት ውስጥ ይገባል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ መውጫ ያጣና ተሰባሪው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ይሰነጥቀዋል።

ክፋቱ ስንጥቁ ወዲያው አይመጣም። አርብ ማታ ስፌቱን በባትሪ ብታዩት ንጹሕ ነው፣ ያምራል። ሰኞ ጠዋት ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርገውን ቀይ የምርመራ ቀለም ቀብታችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ የሰረገውን ቀለም መልሶ የሚስበውን ነጭ ስትረጩበት ግን ከስፌቱ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታክል ቀይ መስመር ቀስ ብላ ብቅ ትላለች። ለዚህ ነው እንዲህ ባለ ብረት ላይ የመጨረሻው ምርመራ ብዙ ጊዜ ከብየዳው በኋላ 48 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተጠብቆ የሚደረገው። የምርት ክፍሉ "ቶሎ ፈርምልን" ማለቱ አይቀርም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ይህን ሥራ ባይሞክረው ይሻላል።

"ኢንስፔክተር የሚመጣው ሥራው ሲያልቅ ነው"

ያኔ የሚመጣ ከሆነ ዘግይቷል። ዋናው ሥራ ከብየዳው በፊት ነው። የበያጁ ብቃት ማረጋገጫ ጊዜው አላለፈም? የብረቱ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል? ኤሌክትሮዱ ማድረቂያ ምድጃው ውስጥ ነው ወይስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል? ብረቱ አስቀድሞ በቂ ሙቀት አግኝቷል? ይህኛው የሚለካው በተወሰነ ሙቀት ላይ በምትቀልጥ ጠመኔ ነው። ካልቀለጠች ብየዳ የለም። ከልክ በላይ ማሞቅም ብረቱን ስለሚያለሰልሰው ላይኛው ገደብም ይጠበቃል።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። በያጁ ኤሌክትሮዱን ለመለኮስ ከስፌቱ ውጪ ብረቱን ጫር ቢያደርገው፣ ተራ የግቢ በር ላይ ማንም አያየውም። ጥይት በሚመክተው ትጥቅ ብረት ላይ ግን ያቺ ጠባሳ በቅጽበት ግላ በቅጽበት ስለምትቀዘቅዝ ደርቃ ለስንጥቅ መነሻ ትሆናለች።

"ዛሬ ማሽን ሁሉንም ያሳያል"

አያሳይም። ስንጥቅን ለመከላከል ትጥቅ ብረት ብዙ ጊዜ የሚበየደው በማይዝግ ብረት ዓይነት ኤሌክትሮድ ነው። ይህ ስፌት ማግኔት አይስበውም፤ ስለዚህ የማግኔት ምርመራ እዚያ ላይ አይታመንም። አልትራሳውንድም ቢሆን ሻካራው የብረት ቅንጣት ድምፁን ይበታትንበታል። ደግሞ ብረት ለበስ ሁሉ ብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አገልግሎት የጀመረው ኤም113 የተባለው የአሜሪካ ወታደር ማጓጓዣ አካሉ አሉሚኒየም ነው። ለእሱ ማግኔት ከነጭራሹ አይሠራም። የትኛው መሣሪያ የት እንደማያይ ማወቅ ነው ሙያው።

"እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ተተኩሶበት ይፈተናል"

የሚተኮሰው አሠራሩ ከመጽደቁ በፊት በተበየዱ ናሙናዎች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እምነት ሁሉ ያ አሠራር ሳይዛነፍ በመደገሙ ላይ ያርፋል። ያንን የሚጠብቀው ኢንስፔክተሩ ነው።

"ብየዳ ሲበዛ ይጠነክራል"

6 ሚሊሜትር የታዘዘውን የማዕዘን ስፌት 8 ያደረገ በያጅ 78 በመቶ ያህል ተጨማሪ ብረት አቅልጧል። ትርፉ ሙቀትና መጣመም ነው።

"ጎበዝ በያጅ ያልሆነ አይገባበትም"

በያጅ መሆን ይጠቅማል፣ ግዴታ ግን አይደለም። የአሜሪካ ብየዳ ማኅበር የሚሰጠው የኢንስፔክተርነት ፈተና ሦስት ክፍል አለው፦ መሠረታዊ እውቀት፣ ተግባርና የኮድ፣ ማለትም የብየዳ ደንብ፣ መጽሐፍ አጠቃቀም። በእያንዳንዱ 72 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። የቅርብ እይታ ምርመራም አለ፤ መነጽር ይፈቀዳል። ምስክር ወረቀቱ ለ3 ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። ለአልትራሳውንድና ለራጅ መርማሪዎች ደግሞ አይሶ 9712 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት ደረጃ 1፣ 2 እና 3 አለ። በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ከዚህ በተጨማሪ የደህንነት ማጣሪያ የተለመደ ነው።

"ኢንስፔክተር ስህተት ፈላጊ ነው"

ያገኘውን ሁሉ ጣይ ቢሆን ኖሮ ተሽከርካሪ ባልወጣ። በስፌት ውስጥ የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ ሁሉ ጉድለት አይደለችም፤ ኮዱ ከፈቀደው መጠን ስታልፍ ነው ጉድለት የምትባለው። ያለ በቂ ምክንያት "ይፈንቀል" ማለት ራሱ ጉዳት አለው፤ ፈልፍሎ እንደገና መበየድ ያንኑ ብረት ለሁለተኛ ጊዜ ማጋል ነውና። ስለዚህ ሰውየው በጠባቡ የተሽከርካሪ ሆድ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ባትሪውን አፉ ላይ ነክሶ፣ ትንሿን መስታወት ወደ ማዕዘኑ አስጠግቶ መለኪያውን ሁለቴ ያነባል።