የሞዴል ጦር መርከብ ፍልሚያ፦ ቀፎውና ልባሱ

የሞዴል ጦር መርከብ ፍልሚያ በሬዲዮ የሚነዱ ትናንሽ መርከቦች ኩሬ ላይ እየተታኮሱ የሚሰጣጠሙበት ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ቴክሳስ ተጀመረ። መርከቦቹ የሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን የጦር መርከቦች ቅጂዎች ሲሆኑ፣ በብዛት የሚሠሩት በ1፡144 ልኬት ነው። 251 ሜትር የነበረችው የጀርመኗ ቢስማርክ በዚህ ልኬት 1 ሜትር ከ74 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ክብደቷም 17 ኪሎ ገደማ ነው። መድፎቹ በታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድቡልቡል የብረት ጥይት ይተኩሳሉ።

የመርከቡ ቀፎ፣ ማለትም የውጭ አካሉ፣ ዋና ጥበብ አለመበሳቱ ላይ አይደለም። ደንቡ ጎኑ እንዲበሳ ያስገድዳል፤ የሠሪው ችሎታ የሚለየው ሳስቶ የሚተወውን ቦታ ከጠንካራው ጋር አስማምቶ በማሰሩ ነው። ወለሉና አጥንቶቹ ከኮምፐንሳቶ ተቆርጠው በኮላ ይያያዛሉ። አጥንቶቹ እንደ ጭቃ ቤት ቋሚ ተራርቀው ይቆማሉ፤ በጣም እንዳይጠጋጉ ግን ደንቡ ይከለክላል፣ ጥይት ማገጃ እንዳይሆኑ።

በአጥንቶቹ ላይ የሚለጠፈው ልባስ ባልሳ የሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ነው። በብዙ ውድድሮች ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወደ አፍንጫው የሚጠመዘዘው ቦታ ላይ እንዳይሰነጠቅ በሙቅ ውሃ ርሶ፣ ቅርጹን ይዞ እስኪደርቅ ታስሮ ይቆያል። ከዚያ ተጣብቆ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና በስስ ወረቀትና በቫርኒሽ ይሸፈናል። ይህን ሽፋን መናቅ አያዋጣም። ራቁቱን የቀረ ባልሳ ሲመታ በእንጨቱ ጭረት እየተከተለ ረጅም ስንጥቅ ያወጣል፤ የተሸፈነው ግን በጥይቱ ልክ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ቀለምና ኮላ ቢደራረብበት ደግሞ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ዳኞች ልባሱ እንደሚበሳ ፈትነው ያረጋግጣሉ። ከዙር ወደ ዙር ቀዳዳው ይደፈናል፣ ልባሱ ሲያረጅ ተልጦ አዲስ ይለብሳል።

የሚገባውን ውሃ መሃል ላይ ያለ ቦይ ወደ ፓምፑ ይሰበስበዋል። ባትሪው ታች ይቀመጣል፣ መርከቡ እንዳይገለበጥ።

ወሎ ውስጥ የደሴና የኮምቦልቻ አናጺ ይህን አጽም ለመሥራት አይቸገርም። ዋንዛና ጥድም ለአጥንት ይሆናሉ። ለልባስ ግን ከባድ ናቸው፤ ጥይቱ ይነጥርባቸዋል። ባልሳ የላቲን አሜሪካ ዛፍ በመሆኑ ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው።

ውሃን በተመለከተ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በደሴ አቅራቢያ ያለውን፣ ስሙም «ሐይቅ» የሚባለውን ሐይቅ ነው። ይሁንና የዚህ ሐይቅ ጥልቀት 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የሰመጠ መርከብ አይመለስም። በዚያ ላይ ውሃው የአሣ አጥማጆችና የእስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ስለሆነ ብረት መተኮሻ ሊሆን አይገባም። የሚመቸው ገብቶ መርከቡን በእጅ ማንሳት የሚቻልበት፣ ከወገብ የማያልፍ የግል የመስኖ ኩሬ ነው፤ ተመልካቹም ተጫዋቹም የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ወደ ዳሩ መጠጋት የለባቸውም።