አድማ ምንድን ነው?

"ጋሼ፣ እኛ እኮ አድማ አልመታንም። ደመወዝ ሲዘገይ ዝም ብለን ነው የተቀመጥነው።"

ይህን ያለችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ገላን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ልብስ ትሰፋለች። እኔ የምኖረው አቃቂ ነው። ገና ሳይነጋ እሷና ጓደኞቿ ነጠላቸውን ተከናንበው አስፋልቱ ዳር ሰርቪስ ሲጠብቁ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ማሽን አጥፍተው እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። ደመወዙ በማግስቱ ገባ። ሁለት ልጆች ግን "አድመኞች" ተብለው ተባረሩ።

ልጅቷን ያስፈራት ቃሉ ነው። አልፈርድባትም። "አደመ" ስንል ዶለተ፣ በሰው ላይ ተመካከረ ማለታችን ነው። "አደሙብኝ" የሚል ሰው ስናገኝ እናዝንለታለን። እና ሥራ ያቆመ ሠራተኛ "አድማ መታ" ሲባል፣ ምን እንደጎደለው ሳይጠየቅ ጥፋተኛ ይመስላል።

ሕጉ ግን ሥራ ማቆም ነው የሚለው። ሠራተኞች ከአሠሪያቸው ጋር ሲከራከሩ፣ ጥያቄያቸውን እንዲቀበል ለመገፋፋት ተባብረው ሥራ ለጊዜው ካቆሙ ሥራ ማቆም ይባላል። ሆን ብሎ ከወትሮው ቀስ እያሉ መሥራትም እዚያው ውስጥ ይገባል። ዋናው "ተባብረው" የሚለው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢቀር ቀሪ ይደረግበታል፣ በቃ። መስመሩ በሙሉ ሲቆም ግን አለቃው ቁጭ ብሎ ይሰማል።

መተባበሩ ታዲያ ከየት መጣ? ከእድር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በእኛ ሰፈር በኩል የሚያልፈውን የድሮውን የጅቡቲ ባቡር አስቡት። የባቡሩ ሠራተኞች በ1939 ዓ.ም. ገደማ ድሬዳዋ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። የሠራው ሥራ ግን በአብዛኛው የመረዳጃ ማኅበር ሥራ ነበር። በዚያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር የሚቋቋምበት ሕግ አልነበረም። ሰው በሚያውቀው መንገድ ተሰባሰበ፤ ለታመመ፣ ለሞተ፣ ለተቸገረ አዋጣ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለቀብር ገንዘብ በአደራ የሰጠኸውን ሰው፣ ከአለቃ ፊት አብሮህ እንዲቆምም ታምነዋለህ።

ሕጉ የመጣው በኋላ ነው። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም በሕግ ታወቀ። በ1965 ዓ.ም. 167 ማኅበራትና ወደ 80,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት። በዓመቱ፣ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም ጠራ። አራት ቀን ቆየ። የደመወዝ መሻሻል፣ ለኑሮ ውድነት መፍትሔ፣ የሥራ ዋስትና፣ ያለ መንግሥት ጣልቃ ገብነት ሥራ የማቆም መብት ይጠይቅ ነበር። ጥያቄዎቹን ዛሬ ሰርቪስ ውስጥ ብትቀመጡ ትሰሟቸዋላችሁ። ደርግ ማኅበሩን አፍርሶ በ1969 ዓ.ም. በራሱ ቁጥጥር ስር ያለ ሌላ ማኅበር አቋቋመ። ስሙ የሠራተኛ ሆኖ ሥልጣኑ የመንግሥት ሆነ። ያ ዘመን ሰዉን "ማኅበር" ከሚለው ቃል አራርቆታል ብዬ አምናለሁ።

አሁንስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ መደራጀትንም ሥራ ማቆምንም መብት አድርጓል። እንዴት እንደሚሆን የሚዘረዝረው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ሥራ ለማቆም ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በስምምነት ለመጨረስ መሞከር ያስፈልጋል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የማኅበሩ አባል በተገኘበት ስብሰባ አብዛኛው መደገፍ አለበት። ከነምክንያቱ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። ድብድብና ማስፈራራት ክልክል ነው። እንደ ሆስፒታል፣ መብራት ኃይልና እሳት አደጋ ባሉት ደግሞ ሥራ ማቆም አይፈቀድም።

የደመወዝን ነገር ለሚጠይቁኝ፦ አዋጁ የደመወዝ ወለል በቁጥር አላስቀመጠም። የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ነው የሚናገረው። ስለዚህ ስንት እንደሚከፈል ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት የሚፈርም ማኅበር ወሳኝ ነው። በጥሩ ስምምነት የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚያጠፋ የለም።

የጎረቤቴ ልጅና ጓደኞቿ ማኅበር አልነበራቸውም። ድምፅ አልሰጡም፣ ማስጠንቀቂያ አልጻፉም። ንዴታቸው እውነት ነበር፤ የሚከልላቸው ወረቀት ግን አልነበረም። የማኅበር አባል መሆንም ሆነ በማኅበሩ ሕጋዊ ሥራ መሳተፍ ከሥራ ለማባረር በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይላል። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "አሥር ሰው ብቻ?" አለችኝ። አንቀጹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ሄደች።