የትሪስታን ዳ ኩኛ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ትሪስታን ዳ ኩኛ በደቡብ አትላንቲክ መሃል፣ ከኬፕ ታውን 2,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ ከ250 አይበልጡም። ስለ አመሠራረቷ የሚወራው ግን ብዙ ነው፤ አብዛኛውም «መርከብ ተሰበረ፣ የተረፉት ሰፈሩ» የምትል አንዲት ተረት ናት። ከታች ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስሟ የመጀመሪያው ሰፋሪ ስም ነው»

ፖርቱጋላዊው የባሕር አዛዥ ትሪስታን ዳ ኩኛ ደሴቷን በ1506 አያት እንጂ አልሰፈረባትም። ባሕሩ ስላስቸገረው ስሙን ጥሎላት አለፈ። ከእሱ በፊት ሰው እንደኖረባት የሚያሳይ ምልክት የለም፤ ስለዚህ በኋላ የመጡት ያፈናቀሉት ነባር ሕዝብ አልነበረም። የመንደሯ ስም ላይም ተመሳሳይ ስህተት አለ። «ኤዲንብራ ዘሰባቱ ባሕሮች» የተባለችው መሥራቿ ስኮትላንዳዊ ስለነበር ይመስላቸዋል ብዙዎች። መሥራቿ ዊልያም ግላስ እውነትም ስኮትላንዳዊ ነው፣ ግን የኬልሶ ከተማ እንጂ የኤዲንብራ ሰው አይደለም። ስሙ የመጣው የኤዲንብራው መስፍን ልዑል አልፍሬድ በ1867 ደሴቷን ስለጎበኘ ነው።

«መጀመሪያ የሰፈሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው»

ወታደሮቹ ሲደርሱ ሰው ጠበቃቸው። በማሳቹሴትስ ግዛት የሴለም ከተማ ተወላጅ የሆነው ጆናታን ላምበርት በ1810 መጨረሻ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወርዶ፣ በቀጣዩ ዓመት ደሴቷና ጎረቤቶቿ የግሉ መሆናቸውን በአዋጅ አሳወቀ። «የእፎይታ ደሴቶች» ብሎም ሰየማቸው። ሰውየውን እንደ እብድ የሚያዩት አሉ፤ ስሌቱ ግን የነጋዴ ነበር። በዚያ መስመር የሚያልፍ መርከብ ንጹህ ውሃና ትኩስ አትክልት ይፈልጋል፤ አትክልት ያጣ መርከበኛ ድዱ እየደማ በስኩርቪ ይሞታልና። ላምበርት አትክልት እየዘራ፣ በዳርቻው ከሚታደኑት የባሕር ዝሆኖችም ዘይት እያቀለጠ ሊሸጥ አሰበ። ያላሰበው ባሕሩን ነው። በ1812 ዓሣ ለማጥመድ እንደወጣ ሰጠመ፤ ይህንን የተናገረው አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ቶማሶ ኮሪ ነው። በ1816 እንግሊዞች ሲመጡ ከቀደምቶቹ የቀረው ኮሪ ብቻ ነበር። ቀበርኩት ያለውን ሀብት ተስፋ እያስያዘ ወታደሮቹን መጠጥ ሲያስገዛ ኖረ፤ ቦታውን ሳያሳይ ሞተ። ሀብቱ ዛሬም አልተገኘም።

«ጦሩ የመጣው ናፖሊዮንን ለመጠበቅ ብቻ ነው»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የነበረው ናፖሊዮን የእንግሊዝ እስረኛ ሆኖ በጥቅምት 1815 ቅድስት ሄለና ወደተባለች ደሴት ደረሰ፤ እንግሊዝ ትሪስታንን በነሐሴ 1816 ያዘች፤ ፈረንሳዮች ደሴቷን መነሻ አድርገው እንዳያስመልጡት የሚል ስጋትም ነበር። ግን ሁለቱ ደሴቶች 2,400 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ከፈረንሳይ በፊት እንግሊዝን በዚያ ባሕር ያስቸገረቻት አሜሪካ ነበረች፤ በመጋቢት 1815 «ሆርኔት» የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ የእንግሊዙን «ፔንግዊን» ያሸነፈው እዚያው ትሪስታን አጠገብ ነው። ደግሞም ጦሩ በኅዳር 1817 ለቆ ሲወጣ ናፖሊዮን በሕይወት ነበረ፣ የሞተው በ1821 ነው። ዋናው ጉዳይ እስረኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥበቃው እስረኛው ሳይሞት አይነሳም ነበር።

«ሕዝቡ ከተሰበሩ መርከቦች የተረፉ ሰዎች ዘር ነው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የመድፈኛው አስር አለቃ ዊልያም ግላስ ጦሩ ሲወጣ «እኔ ልቅር» ብሎ ጠይቆ፣ ተፈቅዶለት ቀረ። ከእሱ ጋር የኬፕ (የደቡብ አፍሪካ ጫፍ) ተወላጇ ሚስቱ ማሪያ ሊንደርስና ሁለት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ሳሙኤል በርኔልና ጆን ናንኪቬል የተባሉ ሁለት ግንበኞች ነበሩ። ኅዳር 7 ቀን 1817 የሽርክና ውል ፈረሙ። ውሉ አጭር ነው፣ ግን ምን ሊያጣላቸው እንደሚችል አስቀድመው እንዳዩ ያሳያል፦

ከብቱና ዕቃው የሁሉም እኩል ንብረት ነው። ትርፉ እኩል ይከፈላል፤ የሚገዛ ነገር ሲኖርም ወጪው እኩል ይዋጣል። ሰላም እንዲሰፍን ማንም በማንም ላይ የበላይ አይሆንም፤ ያልታመመ ሁሉ የድርሻውን ይሠራል። መሄድ የሚፈልግ ካለ፣ ሁሉም የተስማሙባቸው ሰዎች ንብረቱን ይገምቱለታል፤ ግምታቸውም የመጨረሻ ነው። በመጨረሻም ግላስ በሚስቱና በልጆቹ ምክንያት የተለየ ወጪ አይጨመርበትም።

የመጨረሻዋን አንቀጽ ልብ በሉ። ግላስ አራት አፍ ይዞ የሚከፍለው እንደ አንድ ሰው ነው። ሁለቱ ወንደላጤዎች ይህን የተቀበሉበት ምክንያት በውሉ አልተጻፈም፤ በእኛ ግምት ግን ሴትና ልጅ የሌለበት ሰፈራ ከአንድ ትውልድ እንደማያልፍ ገብቷቸዋል። እኩልነቱም በወረቀት እንደተጻፈው አልቀጠለም። ሽማግሌውና ገላጋዩ ግላስ ስለነበር መርከበኞች «ገዥው» ይሉት ነበር፤ በዚያው ስም ተከብሮ በ1853 ሞተ።

የመርከብ አደጋ ያመጣቸው ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። ሆላንዳዊው ፒተር ግሪን በ1836፣ ጣሊያናውያኑ ሬፔቶና ላቫሬሎ በ1892 የመጡት እንዲህ ነው። ሆኖም መርከባቸው ከተሰበረባቸው አብዛኞቹ የመጣላቸውን መርከብ ይዘው ሄደዋል። በ1821 «ብሌንደን ሆል» በጎረቤት ደሴት ላይ ሲሰበር ግላስና ጓደኞቹ የተረፉትን አምጥተው አበሏቸው፤ እነሱም አብዛኞቹ ወደ ኬፕ ተሻገሩ። መርከብ መሰበር ሰው ያመጣል፤ ሰውን የሚያስቀረው ግን ሚስት፣ የድንች ማሳና ጣሪያ ያለው ቤት ነው።

«ሴቶቹ በድንች ተገዙ»

በ1827 ከግላስ ቤት በቀር ደሴቷ ላይ የቀሩት አምስት ወንደላጤዎች ነበሩ። ወደ ቅድስት ሄለና የሚመላለስ አንድ ካፒቴን ሚስት እንዲያመጣላቸው ለመኑት፤ እሱም ለመምጣት የፈቀዱ አምስት ሴቶችን ይዞ መጣ፣ አንዷ ልጆቿን አስከትላ። ድንቹ ለካፒቴኑ ድካም ቃል የተገባለት ነው ይባላል፤ የሴቶቹ ዋጋ አልነበረም።

«ሰባት የቤተሰብ ስም፣ ሰባት መሥራቾች»

ግላስ፣ ስዌይን፣ ግሪን፣ ሮጀርስ፣ ሄገን፣ ሬፔቶ፣ ላቫሬሎ። ስም በአባት ስለሚሄድ ይህ ዝርዝር የወንዶች ብቻ ነው። ከኬፕና ከቅድስት ሄለና የመጡት፣ ብዙዎቹ ቅይጥ ዘር የነበሩት እናቶች አንዳቸውም በስም የሉበትም። የዘር ሐረግ ጥናቶች መሥራቾቹን 15 ገደማ ያደርሷቸዋል፤ በደሴቷ አስም የበዛውም ከእነዚህ ጥቂቶች አንዳንዶቹ በሽታው ስለነበረባቸው ነው ተብሎ ይታመናል።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዓለም ተቆርጠው ኖሩ»

የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ይመላለሱ ነበር፤ ደሴተኞቹም ድንችና ሥጋ ሰጥተው ልብስና ዱቄት ይቀበሉ ነበር። መቆረጡ የመጣው በኋላ ነው። የዓሣ ነባሪ አደን ተዳከመ፤ የሱዌዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት የምሥራቁ ጉዞ አቅጣጫ ለወጠ፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብም ነፋስ ፍለጋ እስከዚያ መውረድ አያስፈልገውም። በ1882 ደግሞ ከተሰበረ መርከብ አይጥ ወረደና እህሉን አጠፋ።

ደሴቷ ወደብ ስለሌላት ንግዱ ሁሉ በቀዘፋ ነበር፦ መርከብ ሲታይ ወንዶቹ ጀልባ ይዘው ወደ ባሕር ይወጣሉ። መርከብ ብርቅ ሲሆን ማዕበል እያዩም መውጣት ጀመሩ። በኅዳር 1885 አንድ የሚያልፍ መርከብ ላይ ለመድረስ 15 ወንዶች በአንድ ጀልባ ወጡ፤ አንድም አልተመለሰ።