የካሊፎርኒያ ወርቅ ቆፋሪዎች ራስን በራስ ማስተዳደር

ጄምስ ማርሻል እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1848 ኮሎማ ላይ ወርቅ ባገኘ በዘጠነኛው ቀን ሜክሲኮ ካሊፎርኒያን ለአሜሪካ ለመልቀቅ ፈረመች። የቀድሞው ሕግ ተሽሯል፤ የአዲሱ መንግሥት የማዕድን ሕግ ገና አልወጣም። ሰው ግን ሕግ እስኪወጣ አልጠበቀም። ምድሩ የነባሮቹ የአሜሪካ ሕንዶች መኖሪያ ቢሆንም መንግሥት የእኔ ነው ይል ነበር፤ ስለዚህ አካፋ ይዞ የገባ ሁሉ፣ በወረቀት ደረጃ፣ ያለ ፈቃድ ገቢ ነበር። የባለቤትነት ወረቀት ያለው ሰው አለመኖሩ ግን ለስምምነት በጀ።

በየሸለቆው ቆፋሪዎች ይሰበሰቡና ሰብሳቢና መዝጋቢ ይመርጣሉ፤ የወረዳቸውን ወሰን ይከልላሉ፤ ደንቡን በአብላጫ ድምፅ ያጸድቃሉ። የይዞታው ስፋት እንደ መሬቱ ሀብት ይለያያል፤ ወርቁ በበዛበት ስፍራ ጎንና ጎኑ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ቁራሽም ነበር። አንድ ሰው በቀዳሚነት የሚይዘው አንድ ቦታ ነው፤ ወርቁን መጀመሪያ ያገኘው ግን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይሰጠዋል። ጉድጓድ ውስጥ የተተወ ዶማ ወይም አካፋ «ባለቤት አለው» ማለት ነበር። መሣሪያውን ትቶ ለወራት መጥፋት ግን አያዋጣም፤ ደንቡ የፈቀደው ቀን ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሆናል። አጥር ሳይሆን ሥራ ነበር የይዞታ ማረጋገጫው።

ለመሬት ያን ያህል የበጀው ጉባኤ ለሰው ሕይወት ሲሆን አስፈሪ ነበር። ወህኒ ቤት ስላልነበረ ቅጣቱ ግርፋት፣ መባረር ወይም ስቅላት ነው። ዳውኒቪል ላይ በሐምሌ 1851 ሆሴፋ የተባለች ሜክሲኳዊት አንድ ቆፋሪ በስለት ገደለች፤ ሟቹ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የቤቷን በር ሰብሮ ነበር። በዚያው ዕለት ፈርደው ሰቀሏት። ካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ከሆነች አሥር ወር ሊሞላት ነበርና ፍርድ ቤት የለም የሚለው ሰበብ እንኳ አይሠራም። ድምፅ የሚሰጠውም ሁሉም አልነበረም፤ ቻይናውያን ይዞታ እንዳይኖራቸው የወሰኑ ካምፖች ነበሩ።

ክፍለ ግዛቱ በ1851 የካምፖቹን ልማድ ፍርድ ቤት በማስረጃነት እንዲቀበለው ደነገገ። በ1855 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ኧርዊን ከፊሊፕስ ጋር በተከራከሩበት መዝገብ፣ ወንዝ ጠልፎ በወሰደና ዳርቻው ላይ ዘግይቶ በሠፈረ ቆፋሪዎች መካከል ቀድሞ ለጠለፈው ፈረደ። ኮንግረስ በ1866 እና በ1872 ባወጣቸው ሕጎች የቆፋሪዎቹን ልማድ አገር አቀፍ አደረገው። የ1872ቱ ሕግ ማሻሻያ ቢደረግበትም ዛሬም ይሠራል፤ በፌዴራል መሬት ላይ በዚሁ ሕግ ወርቅ የሚያወጣ ኩባንያ፣ እንደ ያኔው ባለ አካፋ፣ ካወጣው ላይ ለፌዴራል መንግሥት ሮያሊቲ (ከማዕድኑ ዋጋ ለመሬቱ ባለቤት የሚሰጥ ድርሻ) አይከፍልም።