ማክሲማን በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚገባበት መስኮት) ስንሠራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሃይድሮሊክስ (የውሃ ፍሰት ትምህርት) የቤት ሥራ ይዞ ላፕቶፑን የሚከፍት ተማሪ ማክሲማን አንድ ትልቅ ካልኩሌተር አድርጎ ነው የሚያየው። አብዛኛው ችግር ከዚህ ግምት ይወለዳል። ማክሲማ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ፊደልንም የሚያሰላ ፕሮግራም ነው፤ የጻፍነውን እንጂ ያሰብነውን አያነብም። ትእዛዞቹ ስክሪን ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል።

«ኢንተርኔትና ክፍያ ይፈልጋል»

አይፈልግም። የዘር ሐረጉ በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተጀመረ ሥራ ይመዘዛል። ፕሮግራሙን ይንከባከብ የነበረው ዊሊያም ሼልተር በ1998 ኮዱን በነጻ የመልቀቅ ፈቃድ ካገኘ ወዲህ ለማንም ክፍት ነው። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ማክሲማ» ብለው አንዴ ከጫኑት ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይሠራል።

«ኢንተር ተጭኜ ዝም አለኝ፤ ስታክ አድርጓል»

ብዙውን ጊዜ እየጠበቀዎት ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ በሴሚኮለን (;) ወይም በዶላር ምልክት ($) መዘጋት አለበት። በዶላር የተዘጋው ይሰላል፤ መልሱ ግን አይታይም። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ የሚገባው የእኛ ድርብ ሰረዝ (፤) ስለሆነ ማክሲማ እንደ መዝጊያ አይቆጥረውም። ከወርድ ፋይል የተቀዳ ትእዛዝም የመቀነስ ምልክቱ ወደ ረጅም ሰረዝ ተለውጦ ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱን እንደገና በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ሌላው የዝምታ ምክንያት ጥያቄ ነው። ኤክስ^ኤን ኢንቲግሬት ሲደረግ «ኤን ከ-1 ጋር እኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በ-1 ላይ ቀመሩ ስለሚለወጥ ነው። መልሱ «ኖ;» ነው፤ እዚህም ሴሚኮለኑ አይቀርም።

«እኩል ይሆናል (=) ዋጋ ያስቀምጣል»

አያስቀምጥም። «ኤ = 5» ያልተፈታ እኩልታ ብቻ ነው። ዋጋ የሚያስቀምጠው ኮለን ነው፦ «ኤ : 5;»። ፋንክሽን የሚገለጸው ደግሞ በሁለቱ ጥምር (:=) ነው። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ደብተር ላይ 2ኤክስ ብለን የምንጽፈውም 2*ኤክስ ካልሆነ የአጻጻፍ ስህተት ይባላል።

ከዚህ ጋር የሚመጣው የተለመደ መሰናክል የቆየ ዋጋ ነው። ጠዋት ኤክስን 5 ያደረገ ሰው ከሰዓት በኤክስ ኢንቲግሬት ሲያደርግ «ቫሪያብሉ ቁጥር ሊሆን አይችልም፤ 5 ተገኘ» የሚል መልእክት ይመጣበታል። «ኪል(ኤክስ);» ዋጋውን ያጠፋል፤ «ኪል(ኦል);» ሁሉንም።

«መልሱን በአስርዮሽ ካልሰጠ አልፈታውም ማለት ነው»

1/3 + 1/6 ብንለው 1/2 ይላል፤ የ12 ካሬ ሥር ሲጠየቅ 2 ጊዜ የ3 ካሬ ሥር። ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው፤ አስርዮሽ የፈለገ «ፍሎት» ይበል። መጀመሪያውኑ አስርዮሽ ማስገባት ግን ይህን ትክክለኛነት ያሳጣል። 0.1 + 0.2 - 0.3 ዜሮ አይሆንም፤ ከዜሮ በኢምንት የሚለይ ቁጥር ይወጣል። 1/10 + 2/10 - 3/10 ግን ጥርት ያለ 0 ነው። ስለዚህ የስበት አክስለሬሽኑን 9.81 ከማለት 981/100 ማለት ይበጃል። 9.81 ብለው ሶልቭ (እኩልታ የሚፈታው ትእዛዝ) ውስጥ ቢያስገቡት ራሱ በክፍልፋይ ይተካውና መተካቱን ይነግርዎታል፤ ያ ማስታወቂያ እንጂ ስህተት አይደለም።

«መልሱ ውስጥ የምናብ ቁጥር (የ-1 ካሬ ሥር) ካለ እውነተኛ መፍትሔ የለም»

በሃይድሮሊክስ ብዙ ተማሪ የሚያደናግረው ይህ ነው። መራዊ አጠገብ እንዳለው የቆጋ መስኖ ዓይነት ቦይ እናስብ (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው)፦ አራት ማዕዘን ቅርጽ፣ በአንድ ሜትር ስፋት 2 ሜትር ኩብ በሰከንድ ፍሰት፣ ስፔሲፊክ ኢነርጂው (የጥልቀቱና ከፍጥነቱ የሚመጣው ጉልበት ድምር፣ በሜትር ሲለካ) 2 ሜትር። የውሃውን ጥልቀት ዋይ ካልን ቀመሩ ወደዚህ ይጠቀለላል፦

ዋይ^3 - 2*ዋይ^2 + 200/981 = 0

«ሶልቭ» ሦስት ረጃጅም መልሶች ይደረድራል፤ በውስጣቸው የ-1 ካሬ ሥር አለ። ሦስቱም መልሶች ግን እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው። የኩቢክ ቀመር ጠባይ ነው፦ ሦስቱ ሥሮች እውነተኛና የተለያዩ ሆነው ክፍልፋይ ሥር ከሌለ፣ በካሬና በኩብ ሥር ብቻ ሲጻፉ በምናብ ቁጥር ማለፍ ግድ ነው። የምናቡ ክፍል እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ያንን ረጅም መልስ በፍሎት ብቻ ቢያልፉበት እዚህም እዚያም ትርፍራፊ ይቀራል፤ ስለዚህ ሥሮቹን ሁሉ በአስርዮሽ ወደሚያወጣው ትእዛዝ፣ ወደ «ኦልሩትስ»፣ በቀጥታ መሄድ ነው። 1.946፣ 0.352 እና -0.298 ይሰጣል።

አሉታዊ ጥልቀት ስለሌለ ሦስተኛውን መጣል የእኛ ሥራ ነው፤ ማክሲማ ዋይ ውሃ መሆኑን አያውቅም። የቀሩት ሁለቱ እርጋታ ያለው ፍሰት (1.946 ሜትር) እና ፈጣኑ ፍሰት (0.352 ሜትር) ናቸው። አንዱን ብቻ የፈለገ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ሥር ለሚፈልገው «ፋይንድ_ሩት» ከ1 እስከ 3 ይስጠው። ከ0 እስከ 3 ቢሰጠው ግን እምቢ ይላል፤ በሁለቱም ጫፍ የቀመሩ ዋጋ አዎንታዊ ስለሆነ የምልክት ለውጥ አያገኝም። ለፈጣኑ ፍሰት ከ0.1 እስከ 1 ይሠራል።

«ፋንክሽን ውስጥ ዲፈረንሼት ማድረግ አይቻልም»

ይቻላል፤ የሚበላሸው በአገላለጹ ነው። «ኤፍ(ኤክስ) := ዲፍ(ኤክስ^2, ኤክስ)» ብለው ኤፍ(3)ን ሲጠሩ፣ በ:= ቀኝ ያለው ሳይሰላ ስለሚቀመጥ 3 ቀድሞ ይገባና «በ3 ዲፈረንሼት አድርግ» የሚል ትርጉም የለሽ ትእዛዝ ይሆናል። «ዲፋይን(ኤፍ(ኤክስ), ዲፍ(ኤክስ^2, ኤክስ));» ካሉ ግን መጀመሪያ 2*ኤክስ ይሰላል፤ ኤፍ(3) 6 ይሰጣል።

«ስወጣ ሥራዬን ያስቀምጥልኛል»

ዊንዶው ከተዘጋ፣ ወይም መብራት ሄዶ ባትሪው ካለቀ፣ ሁሉም ይጠፋል። ትእዛዞቹን በተራ የጽሑፍ ፋይል ጽፎ መጨረሻውን «.ማክ» ማድረግና «ባች» በሚለው ትእዛዝ ማስነሳት ነው፤ የፋይሉ ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው መስመር «ኪል(ኦል)$» ቢሆን የቆየ ዋጋ አይበጠብጥም። ዊንዶውስ ላይ የፎልደሩን አድራሻ ሲጽፉ ወደ ፊት ያዘነበለውን ሰረዝ (/) ይጠቀሙ፤ ወደ ኋላ ያዘነበለውን (\) ማክሲማ ለልዩ ትርጉም ስለሚወስደው ፋይሉን አላገኘሁም ይላል።