የቅርብ ጥበቃ ምንድን ነው?

የአገር መሪ ጅማ ሲገባ ሕዝቡ ዓይን ውስጥ የሚገቡት ከጎኑ የማይለዩት ጋርዶች ናቸው። ብዙ ሰው ሥራቸው ተኩሶ መጣል ይመስለዋል። የቅርብ ጥበቃ ግን መሪውን በሰውነት ሸፍኖ ከአደጋው ቦታ በሰከንዶች ውስጥ ማውጣት ነው፤ አጥቂውን መግጠም የሌሎች ድርሻ ነው።

አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው እንግዳው ሳይደርስ ነው። ቀድሞ የሚገባው ቡድን ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መድረኩ ያለውን መንገድ በመኪናም በእግርም ይመላለስበታል። ዋናው መንገድ ቢዘጋ በየት እንደሚታለፍ አስቀድሞ ይወሰናል። መኪና ፍጥነት የሚቀንስበት ቦታ ሁሉ ይመዘገባል፦ አደባባይ፣ የአዌቱ ድልድይ፣ ባጃጅ የሚበዛበት መታጠፊያ። ጉብኝቱ ሐሙስ ከዋለ የገበያው ሰውና ጭነት ሰዓቱን ያዛባዋል። ሆስፒታሉም ይታያል፦ በየትኛው በር ይገባል? ተረኛው ሐኪም ማን ነው? ለመሪው የሚሆን ደም አለ?

በዕለቱ ጥበቃው በሦስት ዙር ይታጠራል። ውጭኛው መንገድና ጣሪያ ይይዛል፤ መካከለኛው ይፈትሻል። ውስጠኛው መሪውን ከፊት፣ ከኋላና ከግራ ቀኝ የሚከቡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ክንዱ እንዲደርስ ግማሽ እርምጃ ያህል ከመሪው ትከሻ ኋላ ይሄዳል፤ እጁም ባዶ ነው። ስልክ፣ ቦርሳ፣ የተበረከተ አበባ አይዝም። የጋርዶቹ ዓይን የሚያርፈው ከሕዝቡ ፊት ይልቅ እጁ ላይ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናብ አያጣትም፤ ጃንጥላና ጋቢ እጅን ስለሚሸፍን ከሕዝቡ ያለው ርቀት መስፋት አለበት።

የኋላው ክፍት ሲቀር ምን እንደሚሆን ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በጃፓን ናራ ታይቷል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ መንገድ ዳር ንግግር ሲያደርጉ ገዳዩ ከኋላ መጥቶ 7 ሜትር ገደማ ላይ ተኮሰ፤ ሳተ። እስከ ሁለተኛው ተኩስ 2.5 ሰከንድ ገደማ ነበር። አቤ ወደ ድምፁ ዞሩ፤ ጎትቶ ያስጎነበሳቸው ግን አልነበረም። ሁለተኛው 5 ሜትር ገደማ ላይ ገደላቸው። ለእኔ ከባዱ ስህተት ይህ ነው፦ ድምፅ ሲሰማ ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ይዞራል፤ ጋርድ ግን ሳያጣራ መሪውን እንዲይዝ እስኪዋሃደው መለማመድ አለበት።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጥቃት የተከፈተባቸው የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ግን ጥይት በማይበሳው መኪናቸው ዞረው ወደ ቦሌ ተመለሱና ተረፉ። መኪናው ቆሞ ቢታኮስ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጥበቃውን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መሪው ራሱ ነው፤ ሕዝብ ሲያይ ያልታቀደ ቦታ ላይ ወርዶ ሰላም ማለት ይወዳል። ያን ጊዜ አንዱ ጋርድ የመሪውን ቀበቶ ከኋላ ይይዛል። ሌላው እጁን ጨብጦ አልለቅ ያለውን ሰው አንጓውን በቀስታ ተጭኖ ያስለቅቀዋል።