ሰው ሰራሽ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ምን ያህል አወጣ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ኤክሞ የተባለ ሰው ሰራሽ የሳንባ ማሽን የተገጠመለት ሕመምተኛ አልጋ ጎን የቆመ ሰው ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ሁለቱ ቱቦዎች ላይ ነው። ከሰውነት የሚወጣው ደም ጠቆር ያለ ነው፤ የማሽኑን ሜምብሬን (ጋዝ የሚያሳልፍ ስስ ግድግዳ) አልፎ የሚመለሰው ደግሞ ፍም ይመስላል። ለቤተሰብ ልብ የሚያሳርፍ እይታ ነው፤ «ሳንባው እየሠራ ነው» ያሰኛል። ነገር ግን ሰው ሰራሽ ሳንባ ሁለት ሥራ አለበት፤ ኦክስጅን ማስገባትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወጣት። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል። ሁለተኛው ካልተለካ አይታወቅም፤ አለካኩ ላይ የሚደረጉት ስህተቶችም ጥቂት አይደሉም።

«ደሙ ቀልቶ ከተመለሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ወጥቷል»

አልወጣም ይሆናል። ቀለሙን የሚቀይረው ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ቀለም ላይ እጁ የለበትም። በሜምብሬኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚነፍሰው ጋዝ ስዊፕ ይባላል። ስዊፑ ንጹሕ ኦክስጅን ሆኖ ፍሰቱ በጣም ቢቀነስ ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይመለሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጎ የሚያወጣ ንፋስ ስለሌለ ግን አብዛኛው እዚያው ደሙ ውስጥ ይቀራል። መሣሪያው «ኦክስጅኔተር» መባሉም ሐሳባችንን ወደ አንዱ ሥራ ብቻ ይስበዋል።

«ብዙ ለማውጣት ብዙ ደም መሳብ ያስፈልጋል»

ይህ የሚሠራው ለኦክስጅን ነው። አንድ ሊትር ደም ኦክስጅን ጠግቦ የሚሸከመው 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሲመጣም አብዛኛውን ይዞ ስለሚመጣ የሚጨመርለት ትንሽ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ነው። አንድ ሊትር የደም መልስ ደም ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ያረፈ አዋቂ ሰው ደግሞ በደቂቃ የሚያመነጨው ከ200 እስከ 250 ነው። በስሌት ብቻ ካየነው በደቂቃ ግማሽ ሊትር ደም ሙሉ በሙሉ ቢጠራ ይበቃል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ኮሎቦው እና ጋቲኖኒ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በማሽን እያወጡ ሳንባን የማሳረፍ ሐሳብ ያመጡት በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋናው መቆጣጠሪያ የስዊፕ ፍሰት ነው። እሱም ቢሆን ወሰን አለው፤ በተለይ ጥቂት ደም በሚስቡ ማሽኖች ላይ የጋዙ ወገን አንዴ ከጠራ በኋላ ስዊፑን መጨመር ብዙም አይፈይድም።

«ከሜምብሬኑ በፊትና በኋላ ደም ቀድቶ ማነጻጸር ይበቃል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የብለድ ጋዝ ማሽን የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ባይካርቦኔት ሆኖ ነው የሚጓዘው። ጤነኛ ሳንባ ውስጥ ግፊቱ ከ45 ወደ 40 ሚሜ ሜርኩሪ ሲወርድ ከእያንዳንዱ ሊትር ደም 40 ሚሊ ሊትር ያህል ይወጣል። በደሙ ውስጥ ሟሙቶ ብቻ ከነበረው የሚቀንሰው ግን 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የቀረው ከባይካርቦኔቱና ከሄሞግሎቢን የተለቀቀ ነው፤ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃልና። ግፊቱን ብቻ አይቶ «5 ብቻ ወረደ፣ ማሽኑ ደክሟል» ማለት እንግዲህ የሚያሳስት ፍርድ ነው።

ጠቅላላ መጠኑን ከፒኤች፣ ከግፊቱ፣ ከሄሞግሎቢኑና ከኦክስጅን ሙሌቱ በቀመር ማስላት ይቻላል። ግን እንዲህ እናስብ፦ ከኩንታል ጤፍ ጥቂት እፍኝ ሲወሰድ የተወሰደውን ለማወቅ ጆንያውን በፊትም በኋላም መመዘን። የጆንያው ሚዛን ትንሽ ከሳተ የእፍኙ ልክ ጠፋ። በደሙም እንዲሁ ነው። ሲገባ 520፣ ሲወጣ 480 ሚሊ ሊትር በሊትር ይዟል እንበል፤ ልዩነቱ 40 ነው። በሁለቱም ላይ 2 በመቶ ስህተት ተፈጥሮ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢገጣጠም ያ 40 ወደ 20 ይወርዳል፣ ወይም ወደ 60 ይወጣል። በዚያ ላይ ሲሪንጁ ውስጥ የቀረች አንዲት የአየር አረፋ፣ ወይም ሳይለካ ብዙ የቆየ ናሙና አለ።

«ከጋዙ ወገን ከለካን ግን ስህተት የለም»

ከጋዙ ወገን መለካት ይሻላል፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። የሚገባው ስዊፕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሌለበት የሚወጣው ሁሉ ከደሙ የመጣ ነው፤ የትልልቅ ቁጥሮች መቀናነስ የለበትም። ስዊፑ 4 ሊትር በደቂቃ፣ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ያለው 4 በመቶ ከሆነ፣ ማሽኑ በደቂቃ 160 ሚሊ ሊትር አወጣ ማለት ነው። በቃ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በአየሩ ግፊት ላይ ነው። በጋዝ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ 30 ሚሜ ሜርኩሪ ቢያሳይ፣ በባሕር ጠለል 760 ላይ ወደ 4 በመቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 580 አካባቢ ነው፤ ያው 30 ወደ 5.2 በመቶ ይሆናል። የፍሰት መለኪያው 4 ሊትር ሲል የባሕር ጠለል ሊትር ማለቱ ከሆነ ውጤቱ 207 ሚሊ ሊትር ነው። የከተማዋን ስስ አየር ሊትር ማለቱ ከሆነ ግን ወደ ባሕር ጠለል ሲመለስ 158 ነው። የሙቀትና የእርጥበቱን እርማት ሳንጨምር፣ በአንድ ንባብ ላይ ይህን ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ ሚሊ ሊትሩ በየትኛው ግፊትና ሙቀት እንደተሰላ ያልተጻፈበትን ቁጥር አላምነውም።

ናሙና የሚሳበው ከመውጫው አፍ ላይ ከሆነ የክፍሉ አየር ተቀላቅሎ ንባቡን ያወርደዋል። ውኃም አለ። ደሙ ያሞቀው ጋዝ እርጥበት ተሸክሞ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ መውጫው ላይ ጠብታዎች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ያው ውኃ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ሲጠራቀም የጋዙን መንገድ ይዘጋል፤ የሚወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ባለሙያዎች ስዊፑን ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ አድርገው ውኃውን ነፍተው የሚያስወጡት ለዚህ ነው። ይህ ሳይደረግ «ሜምብሬኑ አለቀ» ብሎ ለመቀየር መነሣት አይገባም።

«አምራቹ የጻፈው ቁጥር በሕመምተኛውም ላይ ያው ነው»

ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚገፋው የግፊት ልዩነት ነው። የሚገባው ደም ግፊቱ ከፍ ባለ መጠን ያው ማሽን ብዙ ያወጣል። አይኤስኦ 7199 የተባለው ዓለም አቀፍ የመፈተሻ ደረጃ የፍተሻውን ደም ሁኔታ የሚወስነው ለዚህ ነው፤ ግፊቱ 45 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 5 ሚሜ ሜርኩሪ፣ ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 12 ግራም አካባቢ፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ። ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የከብት ደም ነው የሚጠቀሙት። አንዱ ማሽን በ60 ግፊት 80 ሚሊ ሊትር አወጣ ቢባል፣ ወደ 45 ሲመጣጠን 80 ሲባዛ በ45 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም 60 ነው። በ45 ተፈትሾ 65 ያወጣው ይበልጠዋል።

«የሕመምተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው»

የሕመምተኛው የራሱ ሳንባም ያስወጣል፤ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ደግሞ ምርቱን ይጨምራሉ። የገዛ ሳንባው እያገገመ፣ ሜምብሬኑ ደግሞ በደም መርጋት እየተደፈነ፣ ድምሩ ልክ ሊመስል ይችላል።

«ብዙ ባወጣ ቁጥር የተሻለ ነው»

በብሪታንያ የተደረገው ሬስት የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። 412 ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማሽን እየወጣላቸው የመተንፈሻ ማሽኑ ትንፋሽ የተቀነሰላቸው በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት 41.5 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና የቆዩት 39.5 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙ አልታየም፤ ጥናቱም ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። ማሽኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰውየውን ማትረፉ ሌላ።

የማውጣቱ ፍጥነትም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአንጎል የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ለቀናት ከፍ ብሎ ቆይቶ በድንገት ሲወርድ ሥሮቹ ይጠባሉ። ኤክሞ በተጀመረባቸው ሰዓታት ድንገት መውረዱ ከአንጎል ጉዳት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ በጅማሬው ስዊፑ በዝቅተኛ ፍሰት ይከፈታል፤ ደም ቶሎ ቶሎ እየተቀዳ፣ ቁጥሩ እየታየ፣ ቀስ በቀስ ይጨመራል።